አራት ወር ሙሉ ‹‹ተመለከትኩ››

ለበዓል ቡታጅራ ወርጄ የድሮ ሎግ ቡኬን እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ሥር አገኘሁት። የአራተኛ ዓመት ኢንተርንሺፕ ሎግ ቡክ ነው። ገለጥኩት። ሰኞ፦ ‹‹የፓምፕ ጥገና ተመለከትኩ።›› ማክሰኞ፦ ‹‹የቦይለር አሠራር ተመለከትኩ።›› ረቡዕ፦ ‹‹ኮንቬየር ግሪስ ሲቀባ ተመለከትኩ።›› ሐሙስ ባዶ። ዓርብ፦ ‹‹የረቡዕን በመቀጠል ተመለከትኩ።›› እንዲህ እያለ አራት ወር! ያነበበው ሰው ጸሐፊው የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው ከሚል አገር ጎብኚ ነው ቢል ይቀለዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ ከዚያ ውጤት አለ። ኤ።

እውነቱን ከነገርኳችሁ ያንንም አልተመለከትኩም። የሦስቱን ወር ያህል የሞላሁት በመጨረሻው ሳምንት፣ ዶርም ውስጥ፣ በሁለት ሌሊት ነው። ቀኑ የተለያየ እንዲመስል እስክሪብቶ እቀያይር ነበር። (ጓደኛዬ ከእኔ ይብሳል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ሻይ አንጠባጥቦበታል፣ ‹‹ፋብሪካ የዋለ እንዲመስል›› ብሎ።)

የት ነበርኩ ታዲያ? ቃሊቲ መስመር፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ። ‹‹ለሚመለከተው ሁሉ›› የሚል ደብዳቤ ይዤ ስንት በር ካንኳኳሁ በኋላ፣ ስንት ጥበቃ ‹‹ኢንተርን አንቀበልም፣ ቦታ የለም›› ካለኝ በኋላ፣ በዘመድ ነው የገባሁት። ከገባሁ በኋላ ያለው አጭር ነው። ማሽን አትንካ፣ ይበላሻል። ጥያቄ አታብዛ፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ጓንትና ጫማ? የራስህን አምጣ። አብራኝ የተመደበችው ልጅማ ማሽኑን በሩቁም አላየችውም። ‹‹ጽሑፍሽ ያምራል›› ተብላ መዝገብ ቤት ገባች፣ አራት ወር ፋይል ስትደረድር ወጣች። እሷም ኤ።

ሪፖርታችንስ? ስድሳ ገጽ ነው። ከስድሳው አርባው የፋብሪካው ታሪክ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የድርጅቱ መዋቅር። ይህን ክፍል ካለፈው ዓመት ተማሪ ወሰድነው፤ እሱም ከእሱ በፊት ካለው ወስዷል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ማን እንደሆነ ከእንግዲህ የሚደረስበት አይመስለኝም።

‹‹አንተ ሰነፍ ስለነበርክ ነው›› የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፣ ነበርኩ። ግን ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ አንባቢዎች ሎግ ቡካችሁን አውጡና ‹‹ተመለከትኩ››ን ቁጠሩ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ይህ ነገር ሲጀመር እንዲህ ሊሆን አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ከጀርመን መንግሥት ጋር የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም የሚባለው ሲመጣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተከለሰ፣ ተማሪው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኢንዱስትሪ ውስጥ ይዋል ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚለው ፖሊሲ መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው በየክልሉ ተከፈተ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪው ቁጥር ተመነደገ። ፋብሪካው ግን በዚያ ልክ አልበዛም። አንድ የጥገና ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ ሊያስተምር ይችላል፤ ሠላሳ ልጅ ሲመጣበት ግን ወይ በር ይዘጋል ወይ ‹‹ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ›› ይላል። ‹‹ተመለከትኩ›› እንግዲህ ከዚህ ነው የተወለደው።

የነገሩን አባት ብናይ ልዩነቱ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲው ኸርማን ሽናይደር በ27 የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጀመረው። ተማሪው ክፍልና ፋብሪካ እየተፈራረቀ ይውላል፤ ፋብሪካ የዋለበት ይከፈለዋል። በ1957 የተመሠረተው የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መንገድ ሄዶ ስም አተረፈ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይከፈለዋል፤ ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ ልጁን መዝገብ ቤት አስቀምጦ ገንዘቡን አያባክንም። ሁለተኛ፣ ይመለሳል፤ ሥራ ላይ ያልገባውን ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፣ ክፍል የተማረውን ይዞ ደግሞ ወደ ሥራ ይወጣል። እኛ ጋ አንዴ ትሄዳለህ፣ በነጻ ትቆማለህ፣ ሪፖርት ታስጠርዛለህ፣ አለቀ።

እስከዚህ ያልኩትን መንግሥትም ዩኒቨርሲቲም በየስብሰባው ይለዋል። ‹‹የትስስር ክፍተት›› ይባላል በስብሰባ ቋንቋ። የእኔ ጠብ ግን ከፋብሪካው ጋር አይደለም። ከእኛ ጋር ነው፤ ከተማሪው፣ ከመምህሩና ከዲፓርትመንቱ ጋር።

ቃሊቲ ድረስ ደብዳቤ ይዤ ስንከራተት፣ ከእናቴ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ ጋራዥ ነበር። በቀን ምን ያህል አይሱዙና ባጃጅ እንደሚገባበት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከጎኑ ቶርኖ ቤት አለ፣ ከቶርኖ ቤቱ ማዶ ወፍጮ ቤት። አንዴም ‹‹እዚህ ብወጣስ›› ብዬ አላሰብኩም። ለምን? ጋራዥ ‹‹ካምፓኒ›› አይደለማ! የምንሞላው ፎርም የድርጅት ማኅተምና ዲግሪ ያለው ሱፐርቫይዘር ይፈልጋል። የጋራዡ ባለቤት ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ፎርሙ ባይከለክለኝም እኔው እከለክለው ነበር። አምስት ዓመት ተምሬ መካኒክ ልሁን እንዴ?

ሆንኩ። ተመርቄ ስምንት ወር ሥራ ፍለጋ ተቀመጥኩና እናቴ ሲሰለቻት ‹‹እስቲ ጋሼ ጋ ሂድና ቢያንስ ዋል›› አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ‹‹ኢንጂነር፣ ኩሽኔታውን አቀብለኝ›› አለኝ። ዝም። እኔ ቤሪንግ ነው የተማርኩት። የቤሪንግ ዕድሜ በቀመር አሰላለሁ፣ ስንት ሚሊዮን ዙር እንደሚቆይ እነግርሃለሁ፤ ኩሽኔታ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። (ኩሽኔታ ላይ ተቀምጬ ቁልቁለት እየወረድኩ ያደግሁ ልጅ! ያ መጫወቻ ከቤሪንግ ጋር አንድ መሆኑ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልመጣልኝም።) ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ፣ ካቻቪቴ። ጣልያን ትቶት የሄደው ቋንቋ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ የእንግሊዝኛው ካምፓስ ውስጥ አለ፣ ሁለቱን የሚያስተረጉም ሰው ግን የለም። ኢንተርንሺፕ ሌላ ምንም ባይሠራ ይህችን ትርጉም ቢሠራ ምን ነበረበት?

ጋሼ ሞተሩን በጆሮው ይመረምራል። ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ‹‹ሁለተኛው ነው›› ይላል፤ ሲፈታ ሁለተኛው ነው። እኔ ቫይብሬሽን የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ። ለምን ድምፁ በብረቱ በኩል እንደሚመጣ ላስረዳው እችል ነበር፤ ሰምቼ መለየት ግን አልችልም። እሱ ይለያል፣ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም። አንድ ላይ ስንሆን አንድ ሙሉ ኢንጂነር እንወጣለን።

ጋራዡን ገነት አላደርገውም። ያለ መነጽር ይበየዳል፣ ማታ ዓይናቸው አብጦ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ሥዕል የሚባል ነገር የለም፤ ቶርኖ ቤት የሚላከው ልኬት በቃል ነው፣ ሲሳሳት ብረቱ ይጣላል። ክፍያውም ‹‹የሻይ›› ነው። ግን እነዚህ ሁሉ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ገብቶ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው። ካሊፐር ይዞ፣ የተለካውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይቺን አክሱ ላይ እናስፋት›› ማለት። ይህ ነው ፕሮጀክት ማለት።

‹‹ጋራዥ ውስጥ ቴርሞዳይናሚክስ የለም›› ላለኝ መምህር አንድ ቦታ ልጠቁመው፤ የወልቂጤ–ጅማ መንገድ። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ የጊቤ ድልድይ 1100 ሜትር አካባቢ። ስምንት ቶን የሚመዝን አይሱዙ ያን 800 ሜትር ሲወርድ ወደ 63 ሜጋ ጁል ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከ180 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ነው፤ አንድ በርሜል ሊሞላ ትንሽ የቀረው! የተወሰነውን ሞተሩና ነፋሱ ይዘውታል፤ ሹፌሩ ማርሹን አቅልሎ ከወረደ ግን አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የፍሬን ሸራ ለምን ይጨሳል፣ ቁልቁለቱ ለምን በከባድ ማርሽ ይወረዳል፣ ሽቅቡ ላይ ራዲያተር ለምን ይፈላል? ወልቂጤ ያሉ መካኒኮች ይህን በየቀኑ ያያሉ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ ተቀምጧል። ቴርሞዳይናሚክሱ ታክሲ ተሳፍሮ የሚደረስበት ቦታ ነው።

እንሰትስ? ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ የትኛውም መንደር ግቡ። እናቶች የእንሰቱን ግንድ ሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ሲፍቁ ይውላሉ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚመገበው ነገር በዚህ ዓይነት ጉልበት ነው የሚወጣው። በየካምፓሱ የመካኒካል ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ዲዛይን አይጠፋም፤ በሶሊድወርክስ ተስሎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በስክሪን ላይ ሲሽከረከር ያምራል። ከስንቶቹ በፊት ተማሪው አንድ ቀን ሙሉ ከምትፍቅ እናት አጠገብ ተቀምጦ ነበር? እርጥቡ ጭረት ማሽኑ ላይ ተጠምጥሞ እንደሚይዝ፣ ማሽኑ ከመንደር መንደር በሰው ሸክም መሄድ እንዳለበት፣ ኤሌክትሪክ እንደሌለ ማን ነግሮታል? አራት ወር እዚያ ይዋል። ማኅተሙን ቀበሌ ይምታለት።

ለምን አናደርገውም? ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ፣ ስድቡም በራሳቸው ላይ እንደተሰደበ እንዲቆጠር አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። በጉራጌ ምድርም አናጢው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን መሬት የተነፈጋቸው፣ ለጋብቻ የማይፈለጉ ሆነው ነው የኖሩት። በየካላንደሩ የምናደንቀውን ትልቁን የጉራጌ ጎጆ፣ ያን ምሶሶ ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ በቤቱ ግን እኩል አይቀመጡም ነበር። እኛ የተማርነው ይህን ቀረፍነው ብለን እናስባለን። አልቀረፍነውም፣ ፎርም አደረግነው። ‹‹ሱፐርቫይዘሩ ዲግሪ ያለው ይሁን›› የሚለው መስመር የዚያ ንቀት የአሁኑ አጻጻፍ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ኮምፒውተር ላይ ምርጫ ይነካል። መፈተኑን አልቃወምም፤ ግን አምስት ዓመት የተማረን መካኒካል ኢንጂነር አንድ ብሎን ሳያስፈቱ ማስመረቅ አሁንም ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪ እንኳ በትብብር ሥልጠናው ደንብ መሠረት 70 በመቶውን ጊዜ ድርጅት ውስጥ እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። የዲግሪው ተማሪ አንድ ሴሚስተር፣ እሱም ቆሞ በማየት።

እኔ የምለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጋሼን ሱፐርቫይዘር አድርጉት፣ ለጊዜውም ክፈሉት፤ ልጅ ማስተማር ሥራ ያስፈታል። ከውጤቱ ግማሹ በጠረዘው ሪፖርት ሳይሆን ልጁ ሠርቶ ባስረከበው ዕቃ ይሁን፣ ዕቃው ይሠራል አይሠራም የሚለውን የሚጠቀምበት ሰው ይናገር። ተማሪው ጓንት፣ የብየዳ መነጽርና የአደጋ ዋስትና ይኑረው። ለዚህ ገንዘብ የለም የሚል ካለ፣ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ ቀዬአቸው መንገድ እንዳስቆረጡ ላስታውሰው። ዞኑ አሁን ለሁለት ተከፍሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮው በእጥፍ በዝቷል። ከዚያ ሁሉ ቢሮ አንዱ ጋራዦቹን፣ ቶርኖ ቤቶቹንና ወፍጮ ቤቶቹን በስም ዘርዝሮ ለዩኒቨርሲቲው ይላክ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።

ሎግ ቡኩን በበዓሉ ማግስት ጋሼ ጋ ይዤው ሄድኩ፣ እንዲስቅ ብዬ። ዘይት የነካው እጁን በጨርቅ ጠርጎ መነጽሩን አደረገና ቀስ እያለ አነበበ። ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። አልሳቀም።

‹‹ይሄ ሁሉ ሲፈታ አንተ ቆመህ ታይ ነበር?››

‹‹አዎ ጋሼ።››

‹‹ማንም ‹ና ያዝ› አላለህም?››

‹‹አላለኝም።››

ሌላ አልጠየቀኝም። ከኋላ ብዙ ባዶ ገጽ እንዳለው ሲያይ ወረቀቱ ጥሩ ነው አለና ወሰደው። አሁን የዱቤ መዝገብ ሆኖ ጋራዡ ውስጥ አለ።