«ለፍቅር ተጫወቱ» የሚሉት ተረት

የአገራችን እግር ኳስ ወግ በተነሣ ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይነገር አይታለፍም፦ «የዱሮዎቹ ለባንዲራ ተጫወቱ፤ የዛሬዎቹ ለገንዘብ ይጫወታሉ።» እዚህ ጂንካም፣ በምሠራበት ባንክ በሻይ ሰዓት ሳይቀር፣ ይህንኑ እሰማለሁ። ሰሚው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ «እውነት ነው!» ይላል። እኔ ግን ይህ አባባል የምናወድሳቸውን ሰዎች ዕዳ ላለመክፈል ያበጀነው ሰበብ ነው እላለሁ።

እስቲ አንዱን እንመልከት። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር ተወለደ። ሙያው መካኒክነት ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን ስትገጥም አምበሉ እርሱ ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ሉቺያኖ ሁለት ለሁለት አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። አምበሉ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያ ዋንጫ ወደ እኛ አልተመለሰም።

ሉቺያኖስ? በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ አገር ጥሎ ወደ ኢጣሊያ ተሰደደ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በዚያው ዐረፈ። በኢጣሊያንኛ ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ርእስ ልብ በሉልኝ፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» ማለት ነው። በዚህ ርእስ ውስጥ ባንዲራ ወይም ዋንጫ የሚል ቃል የለም። ያ ለፍቅር ብቻ ተጫወተ የምንለው አምበል የሕይወቱን መጽሐፍ በእናቱና በገንዘብ ሰየመው። ይህ ነውር ነውን? ለድኻ ልጅ እናትን ከመጦር የሚበልጥ ምን ፍቅር አለ?

«አማተር» የሚለው ክብር ቀድሞውንም የባለርስቶች ክብር ነው። በእንግሊዝ አገር በራግቢ ምክንያት የሰሜኑ ሠራተኞች በጨዋታ ቀን ለሚቀርባቸው ደመወዝ ማካካሻ ቢጠይቁ ጌቶቹ እንቢ አሉ፤ በ1895 እ.ኤ.አ. ተለያዩ። ያ የራግቢ ማኅበር ራሱ ክፍያን የፈቀደው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛው አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ደመወዝ ነበረው።

ወደ ደቡብ ኦሞ ብንመለስም ነገሩ ያው ነው። የሙርሲ ወጣት ዶንጋ ሲጋጠም የሚከፍለው የለም፤ ሲያሸንፍ በክብር ይሸከሙታል። ነገር ግን ያ ወጣት ከጀርባው ከብት፣ ማሳና ወገን አለው። በዱላ ቢቆስል ቤተ ዘመዱ ይይዘዋል። በጂንካ መካከል በቀድሞው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ኳስ እያንከባለለ ያደገው ልጅ ግን ከእግሩ በቀር ምን አለው? ጉልበቱ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል? «ለፍቅር ተጫወት» ብሎ የሚመክረው ሰው ይህን ጥያቄ መልሶለት አያውቅም።

«ገንዘብ እኮ ነው ኳሳችንን ያበላሸው» የሚል አይጠፋም። የተጫዋቾች ደመወዝ ለወራት ዘገየ የሚል ዜና በማያስደንቅበት አገር የሚያበላሸው ክፍያው ነው ወይስ ቃል አባይነቱ? ውል ተፈርሞ ሳይከበር ሲቀር «ለባንዲራ ስትል ታገሥ» የሚባለው ሁልጊዜ ተጫዋቹ ነው። ውሉን የፈረመው የክለብ ኃላፊ የራሱን ደመወዝ ለባንዲራ ሲል ሲተው አልሰማሁም።

እኔም በግጥም አማተር ነኝ፤ ለስንኜ ማንም ሳንቲም ከፍሎኝ አያውቅም። አልተማረርኩም፤ ምክንያቱም ባንኩ በወሩ መጨረሻ ይከፍለኛል። ፍቅሬን የሚቀልበው ደመወዜ ነው። ያ ቢቋረጥ ስንት ስንኝ እንደምቋጥር አላውቅም፤ ስለዚህም ኳስ ተጫዋቹን ስለ ፍቅር የመስበክ ሥልጣን የለኝም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ 1954ቱ ጀግኖች ስናወራ «ምንም ሳይከፈላቸው» የሚለውን እንደ ውዳሴ አንጥራው። በሒሳብ መዝገብ ቋንቋ ያ ቃል ያልተወራረደ ዕዳ ይባላል። ለሉቺያኖ መክፈል አልፎናል። የጂንካው ልጅ ግን ገና ሜዳ ላይ ነው።