የተማሪው ፕሮጀክት ከማሳ ይነሣ

በዱርቤቴ ዙሪያ በቆሎና ዳጉሳ የሚያመርት የደቡብ አቸፈር አርሶ አደር የአሲዳማ አፈርን ጠባይ ያውቃል። ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ ይቀጭጫል። በእንዲህ ያለ አፈር አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አስረው ስለሚይዙት ሥሩ አያገኘውም። ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

የዚሁ አርሶ አደር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ አሲድና ቤዝ ይማራል። ፒኤች 7 ገለልተኛ መሆኑን ለፈተና ይሸመድዳል። የአባቱ ማሳ ፒኤች ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። “ፕሮጀክት” ሲባልም ብዙ ጊዜ የካርቶን ሞዴል ወይም ከመጽሐፍ የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። ተማሪን አሰልፎ የትምህርት ቤቱን ጓሮ ማስቆፈርም የጉልበት ሥራ እንጂ ፕሮጀክት አይባልም።

እውነተኛ ፕሮጀክት ጥያቄውን ከአርሶ አደሩ ይወስዳል፤ መልሱ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ውጤቱም ለአርሶ አደሩ ይመለሳል።

አስቸጋሪው ነገር ወቅቱ ነው። ትምህርት በመስከረም ሲከፈት በቆሎው እሸት ደርሷል፤ በግንቦትና በሰኔ ሲዘራ ደግሞ ተማሪው ፈተና ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ከአጨዳ ይጀምር። በኅዳርና በታኅሣሥ ተማሪዎች የግብርና ኖራ ከተጨመረበትና ካልተጨመረበት ማሳ እኩል ስፋት ለክተው ምርቱን ይመዝኑ። በጥር ከየማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከፍግ ክምርና ከዛፍ ሥር ርቀው አፈር ይውሰዱ፤ ቀላቅለውም ፒኤቹን ይለኩ። ውጤቱን በመጋቢት ለባለማሳው በጽሑፍ ያስረክቡ። ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል ስላለበት ለውሳኔ ጊዜ ይኖራል። መጠኑን የሚወስነው ግን ተማሪው ሳይሆን ባለሙያው ነው። መዝገቡን የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ይረከባል።

“ፈተና እያለ ጊዜ ከየት ይመጣል?” የሚሉ አይጠፉም። በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሽምደዳው ለፈተናውም አልበጀም። ማለፊያ ነጥብ ያላገኘው ብዙኃኑስ ምን ሙያ ይዞ ወደ ቀየው ይመለስ? በእጁ የለካውን ፒኤች ደግሞ በፈተና ወረቀት ላይም አይረሳውም።

ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የፒኤች መለኪያና ለጥቂት ቀናት አንድ ባለሙያ ይመድብ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሥራው በኬሚስትሪና በግብርና ትምህርት ተከታታይ ምዘና እንዲያዝ ያድርግ። አርሶ አደሩም ማሳውን ይፍቀድ፤ ተማሪዎቹ ውጤቱን ሲያቀርቡም ተቀምጦ ይጠይቃቸው፤ ከእርሱ የበለጠ ፈታኝ አይገኝም።

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀበሌ፣ አንድ ክፍልና አምስት ማሳ ይበቃል። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ማሳዎቹን ከመስከረም በፊት ይምረጡ።