ወፍራሙን ማት ሳይሆን የማያንሸራትተውን ምረጡ



ሰሞኑን ከብቸናም ከሞጣም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰኝ ነው። «ዶክተር፣ ለወገቤ እንቅስቃሴ አዘውልኝ ነበር፤ የትኛውን ዮጋ ማት ልግዛ?» መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ነገር ነው። «እህቴ ከአዲስ አበባ እስክትልክልኝ እየጠበቅኩ ነው»፣ «ደመወዝ ሲወጣ እገዛለሁ»፣ «እዚህ የሚሸጠው ጥሩ አይደለም አሉኝ» ትሉኛላችሁ። አንዲት እናት እንዲህ እያሉ ሦስት ወር ቆዩ። በእነዚያ ሦስት ወራት ለወገባቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር መተኛትና ማስታገሻ መዋጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኔን አቋም ልንገራችሁ። ማት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ማት የለኝም ተብሎ የሚቀር እንቅስቃሴ መኖር የለበትም። ለመግዛት ከወሰናችሁም ብዙዎቻችሁ የምትመርጡት ወፍራሙንና ለስላሳውን ነው፤ እሱ ደግሞ ለብዙ ሰው ትክክለኛው አይደለም።

መሬት ላይ ተኝታችሁ ሥሩ የምንላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው ውስጥ ከሚመከሩት ነገሮች አንዱ የአካል እንቅስቃሴ ነው። በተለምዶ እንዳይታዘዙ ከተባሉት መካከል ደግሞ የወገብ ቀበቶ አለበት። እኛ ጋ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀበቶ ለመግዛት ማንም አያመነታም፣ አሥር ደቂቃ መሬት ላይ ተጋድሞ ዳሌን ከፍ ዝቅ ማድረግ ግን «ይሄማ ምን ሕክምና ነው» ይባላል። ድርጅቱ እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። ይህን ሁሉ ሕዝብ ቀበቶ አይመልሰውም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ከወገብ ሕመሙ ጋር እግር መድከም፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ካለ ማት ፍለጋ አትሂዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ድረሱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለም እንዲሁ ቶሎ ታዩ። የጀርባ አጥንት ቲቢ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፤ በእንቅስቃሴ አይድንም።

ወደ ማቱ እንመለስ። ማት የሚጠቅመው ለሦስት ነገር ነው፦ እጅና እግር እንዳይንሸራተት፣ ከወለሉ የሚመጣው ቅዝቃዜ እንዳይገባ፣ አጥንት የሚያርፍበት ቦታ እንዳይጎዳ። ሌላው ቀለምና ማስታወቂያ ነው። በነገራችን ላይ የዮጋ አገር በሆነችው ሕንድ ድሮ የሚቀመጡት በሣር ምንጣፍ፣ በአጋዘንና በነብር ቆዳ ላይ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የሚያጣብቅ ማት የመጣው አንጄላ ፋርመር የተባለች የዮጋ መምህርት ጀርመን አገር ከምንጣፍ ስር የሚነጠፈውን ስፖንጅ ቆርጣ መጠቀም ከጀመረች በኋላ ነው። እሷም የተጠቀመችው ያገኘችውን ነው። «ዮጋ ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም፦ እኔ የማዝዘው የወገብና የሆድ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። ማቱ ፕላስቲክ ነው፣ ሃይማኖት የለውም።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ ምን አለ? ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ያሉ ደጋ ከተሞች ናቸው፤ ጠዋት ሲሚንቶ ላይ ጀርባውን ያሳረፈ ሰው ጡንቻው ወዲያው ይኮማተራል። ወለላችሁ አፈር ከሆነ ጅባ ወይም ሰሌን አንጥፉና በላዩ ብርድ ልብስ ለሁለት አጥፋችሁ ዳርና ዳሩን ከጅባው ስር አስገቡት። ይህ ለመጋደም እንቅስቃሴ ከብዙ ማት ያላነሰ ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል በደንብ ሳይደርቅ ግን አትተኙበት። ቁርበት ይሞቃል፣ ጠንከር ያለም ነው፣ ለጀርባ እወደዋለሁ፤ በእጅና በጉልበት ስትንበረከኩ ግን ጠጉሩ ያንሸራትታል። አጎዛ ትንሽ ስለሆነች ለጉልበትና ለመቀመጫ ትበቃለች። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉ፤ ቁንጫ ካለ ስፖርቱን ትታችሁ ስታክኩ ትውላላችሁ። የማልመክረው ማዳበሪያ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ቢታጠብም ያንሸራትታል፣ ውስጡ የቀረው ዱቄትም ለቆዳ ጥሩ አይደለም።

ወለላችሁ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ ወይም ፕላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሰሌኑም ብርድ ልብሱም ይሸሻል፤ ማት መግዛት ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ላስቲኩን አስፈትታችሁ ማቱን ወለል ላይ አስዘርጉት። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር ችግር የለም፣ የሚከፈለው የእናንተ ገንዘብ ነው። መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ወደፊት ግፉት፤ መዳፋችሁ በማቱ ላይ፣ ማቱም በወለሉ ላይ መንሸራተት የለባቸውም። ይህን ካላለፈ ሌላውን አትዩት። ቀጥሎ በአውራ ጣት ተጫኑት። ጣታችሁ ሰምጦ ወለሉን ከነካ ስስ ወይም ልል ነው፤ ሲለቁት ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ በወር ውስጥ ይጠፈጠፋል። ጫፉን በቀስታ ጎትቱት፤ እንደ ዳቦ የሚቀነጠብ ከሆነ መልሱት። ለአብዛኛው ሰው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ወፍራሙ፣ ያ ሁላችሁም የምትወዱት፣ ተጋድሞ ለመሥራት ይመቻል። በእጅና በጉልበት ስትንበረከኩበት ግን መዳፍ ስለሚሰምጥ የእጅ አንጓ ያማል፤ ስትቆሙበት ደግሞ ቁርጭምጭሚት ይዋልላል። የተለመደው መጠን 173 በ61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ረጅም ከሆናችሁ ተጋድማችሁ ለኩት።

ሽታውንም አሽትቱ። አዲስ ማት ትንሽ ይሸታል፤ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሰቅላችሁ ካልቀነሰ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ለማለስለስ ከሚጨመሩት ኬሚካሎች አንዳንዶቹን የአውሮፓ ኅብረት በልጆች መጫወቻ ላይ ከገደበ ቆይቷል። ለተፈጥሮ ጎማ አለርጂ ያለባችሁ፣ የሐኪም ጓንት የሚያሳክካችሁ ማለት ነው፣ የጎማ ማት አትግዙ። ለማጽዳት ለስላሳ ሳሙናና ውኃ ይበቃል፤ በረኪናና የቀትር ፀሐይ ያበላሸዋል። ጭርት ያለበት ሰው ካለ ማት አትዋዋሱ።

ይህን ሁሉ የምለው በዋናነት ለአዛውንቶቻችን ብዬ ነው። አባቶችና እናቶች በወፍራም ማት ላይ ቆመው ሚዛን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ ባይሠሩ እመርጣለሁ። መቆም ያለበትን ከማቱ ወርደው፣ በባዶ እግር፣ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ይዘው ይሥሩ። የተጠቀለለ የማት ጫፍ ራሱ ያደናቅፋል። በዚያ ዕድሜ መውደቅ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል፣ እኛ አካባቢ ደግሞ የዳሌ ስብራት ሪፈርና ረጅም መንገድ ማለት ነው። ሲጨርሱ ማቱ ተነሥቶ ጥግ ይቁም።

በዐቢይ ጾምና በስቅለት ስግደት ጉልበታችሁን የሚያማችሁም ይህ ይመለከታችኋል። አጎዛ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከጉልበት ስር ማድረግ ስግደቱን አይቀንሰውም። ጉልበቱ ካበጠ ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ስጋጃ የምትጠቀሙ ወገኖቼ፣ ሴራሚክ ላይ ከሆነ የማያንሸራትት ስስ ጎማ ከስር አንጥፉለት።

የሕፃናት እናቶች ደግሞ ለሕፃን ማት እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ ይመክራል፤ አንገቱና ትከሻው የሚጠነክረው በዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ ወይም አልጋ ላይ ለሚውል ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ ሰሌንና በላዩ የተወጠረ ጋቢ ነው፤ አፍንጫው የሚሰምጥበት ለስላሳ ነገር አይሁን። እናንተም ከጎኑ አትነሡ፤ እንቅልፍ ሲወስደው ወዲያው በጀርባው አስተኙት። በቀለም ያሸበረቀው ተገጣጣሚ የስፖንጅ ምንጣፍ ግዴታ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቤልጂየምና ፈረንሳይ ፎርማማይድ በሚባል ኬሚካል ምክንያት ከገበያ ያነሡት ጊዜ ነበር፤ ልጁ ነክሶ የሚቆርጠው ቁራጭም ያንቃል።

የትም ብታነጥፉ፣ ለልጅም ለአዋቂም፣ ከምድጃና ከቡና ከሰል ራቅ አድርጉ። ስፖንጅና ፕላስቲክ በፍንጣሪ ይያያዛል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቡናው ሲፈላ ማቱ ይጠቅለል፣ ልጁም ይታቀፍ።