በካርታ ላይ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ የሚጠጣ ውሃ አይደለም

የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ እና ሴኔጋል የ2026ቱን የተባበሩት መንግሥታት የውሃ ጉባኤ በጋራ እንዲያስተናግዱ መመረጣቸው፣ የክልሎችን የውሃ ይዞታ የሚያነጻጽሩ አኃዞች ምን ያህል እንደሚታመኑ መመርመርን አስፈላጊ ያደርገዋል። ከእነዚህ አኃዞች ብዙዎቹ የሚገኙት ከሳተላይት ምስል ነው። በዘላቂ የልማት ግቦች ውስጥ 6.6.1 የሚል ቁጥር የተሰጠው መለኪያም የሐይቆችን መስፋትና መጥበብ የሚከታተለው በዚሁ መረጃ እየታገዘ ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት፣ የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1984 እስከ 2015 ባነሷቸው ሦስት ሚሊዮን ያህል ምስሎች ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚያ ዘመን ውስጥ 90,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቋሚ ውሃ ከነበረበት ጠፍቷል፤ በሌሎች ስፍራዎች ደግሞ 184,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አዲስ ቋሚ ውሃ ታይቷል፤ ለዚህም ትልቁ ምክንያት የግድቦች መሠራት ነው። ከተጣራው የቋሚ ውሃ ኪሳራ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የደረሰው በመካከለኛው ምሥራቅና በመካከለኛው እስያ ሲሆን፣ ድርቅ፣ የወንዞች መጠለፍና ገደብ የለሽ የውሃ አጠቃቀም በምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

አኃዙ ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ይሁን እንጂ ሳተላይቱ የሚለካው የውሃውን ገጽ ብቻ ነው፤ ጥልቀቱንም ሆነ ጨዋማነቱን በዚህ መለኪያ ማወቅ አይቻልም። ሙት ባሕር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ሰሜናዊው ክፍል በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደቡባዊው ክፍል ግን በካርታው ላይ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ያለው ውሃ ከሰሜኑ ክፍል በፓምፕ ተስቦ ለፖታሽ ምርት በፀሐይ እንዲተን የተንጣለለ ነውና። ባሕሩን ከሚያደርቁት ምክንያቶች አንዱ በስፋት ሠንጠረዥ ላይ ውሃ ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተቃራኒው ይታያል። በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ኋላ ከ40 በላይ ደርሷል። በካርታ ላይ ይህ እድገት ነው። ለአካባቢው አርብቶ አደሮች ግን ጨዋማው ውሃ የግጦሽ መሬታቸውን የዋጠ ባለጋራ ሲሆን፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻውን፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም አስግቷል። ጣና ደግሞ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ስፋት እያለው አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ በሚሞላበት ጊዜ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ግን ከጣና እጥፍ ይበልጣል። በጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭም ሌላ ችግር ነው፤ አረሙ የሸፈነውን ውሃ ሳተላይቱ እንደ ዕፅዋት ሊቆጥረው ይችላል።

ምስሉ የተነሣበት ቀንም ወሳኝ ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዐይን አካባቢ በሚገኘው ኸትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሎ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ላንድሳት 9 ባነሣቸው ምስሎች ላይ የዱባይና የአቡ ዳቢ ደረቅ መሬት በውሃ ተሸፍኖ ታይቷል። ያንን ቀን ከሌላ አገር የበጋ ወር ጋር ያነጻጸረ ሰው በረሃውን ባለሐይቅ ያደርገዋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጠጥ ውሃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት የባሕር ውሃን ጨው በማጣራት ስለሆነ፣ የሐይቅ ስፋታቸው ከቤት ቧንቧ ጋር ያለው ዝምድና ቀድሞውንም እጅግ የላላ ነው።

ጥራት ያለው ካርታም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ለ2020 እና ለ2021 ያዘጋጃቸው የመሬት ሽፋን ካርታዎች እስከ 10 ሜትር ድረስ ይለያሉ። ሆኖም ሁለቱ የተሠሩት በተለያየ የአሠራር ስልት በመሆኑ፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት በከፊል ከስልቱ ለውጥ የመጣ እንጂ ሐይቅ ስለ ደረቀ ወይም ስለ ሞላ ብቻ አይደለም። ክልሎችን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ከስፋቱ ጎን ወቅቱን፣ የካርታውን ዓይነትና የትነት ኩሬዎቹን ለይቶ ካላስቀመጠ፣ የሙት ባሕርን ኪሳራ አሳንሶ የበሰቃን ጉዳት እንደ ትርፍ ያስቆጥራል።