ለማን የተጻፈ ምክር?

አማርኛችን ለምክር ትልቅ ስፍራ ይሰጣል። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ የለም። ልብ ብለን ካየነው ግን ይህ ተረት አንድ ነገር አስቀድሞ ወስኖ የተነሣ ነው፤ መካሪው ምንጊዜም ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከተመካሪው ዘንድ ነው። መካሪው ቢሳሳትስ? ከዚያም አልፎ፣ መካሪው የሚናገረው ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ሳይሆን ከሩቅ ሆኖ ለሚከፍለው ለሌላ ሰው ቢሆንስ? ለዚህ የሚሆን ተረት አላገኘሁም።

ነገሬ በለጋሾች ገንዘብ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች ስለሚሰጠው የንግድ ምክር ነው። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ርእሱ ደረቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቀን የባንክ ጸሐፊ፣ ማታ ስንኝ ቋጣሪ ለሆነ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ብዙም አይታየውም። ግጥም ለማን እንደተጻፈ ከመጀመሪያው ስንኝ ይታወቃል፤ ለወዳጅ የተጻፈውና ለሸላሚ ዳኞች የተጻፈው አንድ አይደለም። የምክር ወረቀትም እንዲሁ ነው።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ሴት ነጋዴዎች ማጎልበቻ በ2012 እ.ኤ.አ. 50 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ፋይናንስ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. 200 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። አብዛኛው ለነጋዴው በብድርና በማሽን ኪራይ መልክ እንዲደርስ የታሰበ ሲሆን፣ ሥልጠናና ምክር ከጎኑ ተያይዞለታል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሥራ ፈጠራ ማዕከል እንዲቋቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ደግፏል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የጠራሁት ሰነዶቹ እንዲያ ስለተጻፉ ነው፤ ይህም ራሱ ከርእሴ አይወጣም።) «ለጋሽ» የምንለውም ሁልጊዜ ለጋሽ አይደለም። የዓለም ባንኩ ገንዘብ ብድር ነው፤ ከፋዮቹ እኛና ልጆቻችን ነን።

ምስጋና የሚገባውን ማመስገን ደግ ነውና ካይዘንን ላስቀድም። ጃፓኖች ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ30 ድርጅቶች ከሞከሩት በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በካይዘን መልካም የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አማካሪው ወደ ሥራው ቦታ ይወርዳል፤ መፍቻው የት እንደሚሰቀል፣ ቆዳው የት እንደሚደረደር ከሠራተኛው ጋር ቆሞ ይነጋገራል። ሁለተኛ፣ አምስቱ የጃፓን ቃላት «ማጣራት»፣ «ማጽዳት» እያሉ በ«ማ» በሚጀምሩ የአማርኛ ቃላት ተተክተው «አምስቱ ማዎች» ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ተርጓሚ እኔ ከደራስያን ተርታ እቆጥረዋለሁ።

ወደ እኛ መስኮት የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። «ቢዝነስ ፕላን» ይሉታል። በፕላስቲክ ጥርስ የተጠረዘ፣ ሽፋኑ የፕሮጀክትና የለጋሽ ዓርማ የተደረደረበት፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ የሆነ ጥራዝ ነው። የዳቦ ቤት ዕቅድ ሆኖ ሳለ ገሚሱ ላይ ሲደርስ ስለ ከብት ማደለብ የሚያወራ አጋጥሞኛል፤ ከቀደመው ደንበኛ ሲገለበጥ መለወጥ የነበረበት አንቀጽ እንዳለ ቀርቶ። የብድር ሹሙም ይህን አላስተዋለም፤ ስላላነበበው። እርሱ ገልጦ የሚፈልገው የቤት ካርታውን ቅጂ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ባንክ አጥብቆ የሚይዘው በመሬቱ ላይ ያረፈውን ቤት ነው፤ ቢበዛ መኪናን ይጨምራል። ማሽን፣ ከብት፣ ሰብልና ሌላውም ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 1147 በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የሹሙ እጅ ግን ዛሬም ወደ ካርታው ይሄዳል። እንግዲህ አማካሪው ጻፈ፣ ለጋሹ ከፈለ፣ ባንኩ ከፋይል ከተተ። ከሦስቱ አንዱም ለነጋዴው ሲል አላነበበም።

የባንክ ሠራተኛ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ አለበትና ስሟንም ሰፈሯንም ሳልጠራ የአንዲት እናትን ነገር ልናገር። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ዘጠኝ ሠራተኞች ያስተዳድራሉ። አንድ ፕሮጀክት አማካሪ መድቦላቸው፣ አማካሪው ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ ከአርባ ገጽ በላይ ዕቅድ ሠርቶላቸዋል። ጥራዙን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡና በመስኮቱ ሥር አሳለፉልኝ።

«እስቲ ልጄ፣ ምን እንደሚል ንገረኝ» አሉ።

ወረፋው ረጅም ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ አነበብሁላቸው። ስለ ጥንካሬያቸውና ስለ ድክመታቸው፣ ስለ መልካም አጋጣሚና ስለ ስጋት በሠንጠረዥ ተጽፏል። የገበያ ስልታቸውን ማሻሻል እንዳለባቸው ይመክራል። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «እኔ የጠየቅሁት መብራት ሲጠፋ ሊጡ እየኮመጠጠ አስቸግሮኛልና ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ በማገዶ የሚሠራ ሁለተኛ ምድጃ ላስገንባ ብዬ ነበር፤ እሱን የት ጋ ነው የጻፈው?» አሉኝ። ገልጬ ገልጬ አጣሁት። ዱቄት በጅምላ ገዝቶ ማከማቸት ያዋጣ እንደሆነም የለበትም። አማካሪው ሰነፍ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። እርሱ ያለበት ጭንቅ ሌላ ነው፤ ፕሮጀክቱ በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ዕቅድ አስረክብ ብሎታል፤ የዕቅዱ ምዕራፎችም ቀድመው ተወስነዋል። ስለ ሊጥ መኮምጠጥ የሚናገር ምዕራፍ በቅጹ ላይ የለም።

የሒሳብ መዝገቡም ነገር አለ። አማካሪዎች ሁሉ በአንድ ድምፅ «የሚገባውንና የሚወጣውን ጻፉ» ይላሉ። እኔም በሙያዬ ይህን እደግፋለሁ። ግን ነጋዴው ይህን ሲሰማ ወደ ጆሮው የሚገባው ሌላ ቃል ነው፤ «ግብር»። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር የማይደርሱትን ደረጃ «ሐ» ብሎ መድቦ ነበር። እነዚህ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስለሌለባቸው ግብራቸው በቀን ገቢ ግምት ይሰላ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ገማቾች በየሱቁ ዞረው የተመኑት ዋጋ ስንቱን ሱቅ እንዳዘጋ፣ ስንቱን እንዳስጮኸ የማያስታውስ ነጋዴ የለም። መንግሥት መዝገብ አያስፈልግህም ብሎ በግምት ያስከፈለውን ሰው አማካሪ መጥቶ የሦስት ዓመት ሒሳብህን አምጣ ይለዋል። ሰውየው ቢያንስ ማን እንደላከህ ንገረኝ ቢል አይፈረድበትም። ይህን ፍርሃት በስሙ ጠርቶ የሚጀምር የሥልጠና ሰነድ ግን እስካሁን በእጄ አልገባም።

ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌሎች የአህጉራችን ሰዎች እንለፍ። በጋና ዋና ከተማ በአክራ ተመራማሪዎች 160 ልብስ ሰፊዎችን መርጠው፣ ለከፊሎቹ ከአንድ ስመ ጥር ዓለም አቀፍ ድርጅት አማካሪዎችን አስመጡላቸው። ምክሩ በነፃ ነበር፤ አንድ ዓመት ያህልም ቆየ። ሰፊዎቹ አላመፁም። የተባሉትን ሞከሩ፤ ሒሳብ መጻፍም ጀመሩ። ትርፋቸው ግን ከፍ አላለም፤ ጥቂት ቆይተውም ወደ ቀድሞ አሠራራቸው ተመለሱ። ይህን ጥናት ሳነብ ከሰፊዎቹ ጋር ወግኛለሁ። ተረቱ «እምቢ ካለ» ይላል፤ እነርሱ እምቢ አላሉም፤ እሺ ብለው ሞክረው፣ መዝነው ነው የተዉት።

በሜክሲኮ ፑኤብላ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። 432 ድርጅቶች ምክር እንሻለን ብለው ተመዘገቡ፤ ዕድሉ ለ150ዎቹ ወጣ። ከዋጋው አብዛኛውን መንግሥት ሸፈነ፤ ቀሪውን ግን ድርጅቶቹ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። አማካሪው በየሳምንቱ እየመጣ ለአንድ ዓመት አብሯቸው ሠራ፤ የሚሠራውም እያንዳንዱ ድርጅት በተቸገረበት ነገር ላይ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ ሲታይ፣ ዕድሉ የደረሳቸው ድርጅቶች የሠራተኛ ቁጥር ካልደረሳቸው በ57 በመቶ በልጦ ተገኘ። የፑኤብላ ድርጅቶች ከአክራ ሰፊዎች የሚተልቁ ናቸውና ልዩነቱን ሁሉ በክፍያው አላሳብብም። ቢሆንም ከኪሱ ጥቂትም ብትሆን ያወጣ ሰው አማካሪውን «ይህ አይጠቅመኝም፤ ያንን ንገረኝ» የማለት አንደበት ያገኛል። በነፃ የተመከረ ሰው ይህን ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። እኛ አገር ይሉኝታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ የምክሩ ገንዘብ ለአማካሪው ድርጅት ሳይሆን ለነጋዴዋ ይሰጥ። በጥሬው ሳይሆን ምክር ብቻ በሚገዛ ኩፖን ይሁን፤ ከዋጋው አሥረኛዋን እርሷ ትጨምር። ከዚያ በኋላ የምትመርጠው የተማረ አማካሪ ይሁን፣ ሠላሳ ዓመት የጋገረ ጡረተኛ ይሁን የእርሷ ጉዳይ ነው። በጡረተኛው ብትመካከር እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

በአማካሪ ድርጅት የሚሠራ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አሥረኛ ክፈሉ ብትላቸው አንድም አይመጣም፤ ዛሬ የሚመጡት እኮ በአበሉ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በቢሾፍቱና በአዳማ ሆቴሎች የሚካሄደው ሥልጠና አዳራሹ የሚሞላው በምሳውና በአበሉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ይህ የእርሱን ሳይሆን የእኔን ነገር ያጠናክራል፤ ሰዎቹን እንዲሰሙ እየከፈልናቸው ከሆነ የሚሸጠው ምክር ሳይሆን የተሰብሳቢ ቁጥር ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ አሥረኛዋንም የማትችል ሴት አለች። ለእርሷ ክፍያው ይቆያት፤ ምክሩ ፍሬ ሲያፈራ ትክፈል። ፍሬ ካላፈራ አትክፈል፤ አማካሪውም ያንኑ ያህል ይቀነስበት። እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም አማካሪ ጥቂት ይሆናል፤ ይሁን።

ጊዜውም ያስገድደናል። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ የለጋሽ ገንዘብ በአንድ ሰሞን ሊደርቅ እንደሚችል አይተናል። ጥራዞቹ በመደርደሪያችን ላይ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

እስከዚያው ድረስ ኩፖኑ ባይመጣ እንኳ አንዲት ትንሽ ነገር ዛሬውኑ ሊሆን ይችላል። ከአርባው ገጽ ፊት አንድ ገጽ ይጨመር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ባለቤቷ በምትሰማው ቋንቋ ይጻፍ። ጥያቄዋ ምን ነበር፣ መልሱስ ምንድን ነው፣ ይኸው ነው። ገጹ በፊቷ ጮክ ተብሎ ይነበብላት፤ ከተስማማች ትፈርምበት። ፊርማዋ ከሌለበት ለአማካሪው ክፍያ አይውጣ። እኛ ባንክ ቤት ያለ ባለ ሒሳቡ ፊርማ አንዲት ብር አናወጣም፤ ለዚህ ሲሆን የሚከብድበት ምክንያት አይታየኝም።