የጠፋ ቁልፍ ዕዳ



የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የባለ መኪኖች ጣጣ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። «መኪና መግዛት የቻለ ሰው የቁልፍ ዋጋ ያቅተዋል ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን በከተሞቻችን መሪ የሚጨብጠው ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። በሰው መኪና እየሠራ፣ ከዕለት ገቢው ለባለቤቱ ከፍሎ በሚተርፈው ልጆቹን የሚያሳድር ሾፌር ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቁልፍ የጠፋበት ቀን እንጀራው የቆመበት ቀን ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ የመኪና ቁልፍ ብረት ነበር። ቢጠፋ መጠባበቂያውን ይዞ ወደ ቁልፍ ቀራጭ መሄድ፣ ሻይ እስኪጠጣ መጠበቅ፣ ጥቂት ብር ከፍሎ መመለስ ነበር። ዛሬ ግን ያንኑ ብረት አስቀርጾ በሩን የከፈተ ሰው ሞተሩን ማስነሣት አይችልም። ለመሆኑ ለምን?

በቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቺፕ አለች። ይህች ቺፕ የራሷ ባትሪ የላትም። ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው የተጠመጠመው ሽቦ በሚፈጥረው መግነጢሳዊ ኃይል ትነቃለች። መኪናው ጥያቄ ይልካል፣ ቺፗ በውስጧ በተሰወረው ምስጢራዊ ቁጥር አስልታ መልሱን ትመልሳለች። መልሱ ካልገጠመ የመኪናው ኮምፒዩተር ነዳጁን ወይም የእሳት ብልጭታውን ይከለክላል። በሩን ከርቀት የሚከፍተው ሪሞት ሌላ ሥራ ነው፤ ባትሪ ድንጋይ የሚበላውም እሱ ነው። ሁለቱን ሰዎች ብዙ ጊዜ ያደባልቋቸዋል።

ይህ አሠራር የመጣው ከሌብነት ጋር በተደረገ ትግል ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 በኮርቬት መኪናው ቁልፍ ላይ አንዲት የኤሌክትሪክ መከላከያ ቅንጣት ሰካ፤ የመጠን ዓይነቷ ግን 15 ብቻ ስለነበር ታግሶ የሚሞክር ሌባ ይደርስባት ነበር። ከዚያ ቺፑ መጣ። አውሮፓ ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ያለዚህ መከላከያ እንዳይሸጡ ደነገገች፤ ካናዳም በ2007 ተከተለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆነው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቁልፎች ውስጥ የነበረውን ባለ 40 ቢት ምስጢር ሰበሩት። ፋብሪካዎቹም ወደ ረዘመና ወደ ተወሳሰበ ምስጢር ተሸጋገሩ። ሌባው አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ቁልፉም አንድ እርምጃ ይወሳሰባል፣ የባለንብረቱም ኪስ አብሮ ይሳሳል።

ታዲያ ቺፑ ባይኖር ይሻላል የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። እዚያ የተሸጡ ብዙ የኪያና የሃዩንዳይ ሞዴሎች ይህ መከላከያ አልነበራቸውም። ከ2021 ጀምሮ ወጣቶች በቪዲዮ እየተማማሩ በሺህ የሚቆጠሩትን ሰረቁ፤ ኩባንያዎቹም በ2023 ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ክሱን ለመዝጋት ተገደዱ። ስለዚህ ቺፑ ከንቱ አይደለም።

ጥያቄው ዋጋው ላይ ነው። በአሜሪካ ለአንድ ዘመናዊ ቁልፍ ከ200 እስከ 500 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። ቺፗ ራሷ ግን የዚህ ጥቂቱን እንኳ አታወጣም። የሚከፈለው ለብረቱ አቀራረጽ፣ ለኮምፒዩተሩ መሣሪያና ከሁሉም በላይ ለፈቃዱ ነው። መኪናው የእኛ ቢሆንም ምስጢሩ የፋብሪካው ነው። ይህ ለእኔ የሚዋጥ ነገር አይደለም። በስሜ ሊብሬ ያለኝ ንብረት አዲስ ቁልፍ እንዲቀበል የሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ለምን ያስፈልገኛል? በአሜሪካ የብሔራዊ አውቶሞቲቭ አገልግሎት ግብረ ኃይል የተባለ አካል የተጣሩ ቁልፍ ሠሪዎችን ይመዘግባል፤ እነርሱም የባለቤትነት ማስረጃ አይተው፣ ስማቸው እየተመዘገበ፣ ምስጢሩን ከፋብሪካው ያገኛሉ። ሌባን ከልክሎ ባለንብረትን ማገልገል እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። መኪኖቻችን በአብዛኛው አገልግለው የገቡ ናቸው፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዘው የሚሸጡም ብዙ ናቸው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። አንድ ቁልፍ እያለ ሁለተኛውን ማሠራትና ሁሉም ከጠፋ በኋላ ማሠራት ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም። ቆየት ባሉ አንዳንድ ቶዮታዎች ዋናዎቹ ቁልፎች በሙሉ ከጠፉ ኮምፒዩተሩን ፈትቶ እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ የግድ ነበር። መኪናው በክሬን የሚጎተትበትና ቆሞ የሚውልበት ቀን ሲጨመርበት አስቡት። በአንጻሩ በብዙ የፎርድ መኪኖች ሁለት የሚሠሩ ቁልፎች ካሉ ሦስተኛውን ባለቤቱ ራሱ ማስመዝገብ ይችላል።

በቅርቡ በሰፈራችን አንድ ባለ መኪናና ሾፌሩ በዚሁ ጉዳይ ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ቀረቡ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር፤ ሾፌሩ ገበያ ውስጥ ተሰረቀ። ባለቤቱ «የቁልፉን ሙሉ ዋጋና የቆመበትን ቀን ገቢ ክፈል» አለ። ሾፌሩ «ኪሴን ቀደው ወሰዱት፣ ምን ላድርግ?» አለ። በመድረሳ ስንማር በአማና የተያዘ ንብረት ያለ ጥፋትና ያለ ቸልተኝነት ቢጠፋ ያዡ እንደማይጠየቅ ተምረናል፤ የእያንዳንዱን ጉዳይ ብይን ግን ዑለማዎች ዘንድ መውሰድ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠየቁት፤ «መኪናውን ስትገዛ ሁለተኛ ቁልፍ ለምን አላሠራህም?» መልስ አልነበረውም። የቁልፉን ዋጋ ባለቤቱ ሊሸፍን፣ የቆመበትን ቀን ሁለቱም ሊቻቻሉት ተስማሙ። እኔ ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ አልፈርድም ነበር። ይሁንና ሾፌርና ባለ መኪና ሲዋዋሉ ስለ ጎማና ስለ ዘይት ሲጽፉ አንድ መስመር ስለ ቁልፍም ቢጨምሩ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የቁልፉን ብዛት ጠይቁ፤ ሻጩም ሳይጠየቅ ቢናገር ሐቁን ተወጣ። በኮምፒዩተሩ የተመዘገቡት ቁልፎች ስንት እንደሆኑ ባለሙያው በመሣሪያው ማየት ይችላል። ሦስት ተመዝግበው በእጃችሁ አንድ ብቻ ካለ የቀሩትን አስፍቁ፤ በማን እጅ እንዳሉ አታውቁምና። ከቁልፉ ጋር የቁጥር ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሳህን ከመጣች መኪናው ውስጥ ሳይሆን ከሊብሬው ጋር ቤት ትቀመጥ።

ሌላው፣ «ቁልፉ ሞተ» ተብሎ ብዙ ብር ከመክፈል በፊት ባትሪ ድንጋዩን ለውጡ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ነው፤ ከሰዓት ጠጋኝ ይገኛል። በቁልፍ ምትክ ማስነሻ አዝራር ያላቸው መኪኖችም ባትሪው ቢሞት መንገድ አላቸው፤ በሪሞቱ ሆድ ውስጥ በሩን የምትከፍት ብረት ተሸሽጋለች፣ ሪሞቱን ወደ አዝራሩ አስጠግቶ መጫን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ያስነሣል። የተሰበረው ፕላስቲኩ ብቻ ከሆነም ቺፗን ወደ አዲስ ሽፋን ማዛወር ይበቃል። ሽፋኑን ሲጥሉ ቺፗን አብረው የጣሉ ሰዎች አሉና ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሥራ በጥንቃቄ ይሠራ።

መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ አንዳንዶቹ በካርድና በስልክ ይከፈታሉ። ካርዱ ከኪስ ቦርሳ ጋር፣ ስልኩም ከእጅ ይነጠቃል። ሁለተኛውን ካርድ ዛሬውኑ ከቦርሳችሁ አውጥታችሁ ለእናት ወይም ለባለቤታችሁ ስጡ።