የበጉ መዥገር ሐኪም አለው፤ የውሻውስ?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን አብዛኛውን ጊዜ የምንወረውረው ለሰው ነው። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለ ውሻው ስለራሱ ነው። በበላበት ለሚጮኸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ አድሮ በረት ለሚጠብቀው እንስሳ እኛስ ምን እያደረግንለት ነው?

ከጣርማ በር ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መዘዞን የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ አካባቢ የውሻ ጥቅም ምን እንደሆነ አይጠፋውም። አገሩ የበግ አገር ነው። በግ ባለበት ደግሞ ጅብ አይጠፋም። ስለዚህ ውሻ ለቅንጦት የሚያዝ ሳይሆን ደሞዝ የማይከፈለው ዘበኛ ነው። ታዲያ ይህን ዘበኛ ጠጋ ብላችሁ ጆሮውን ገለጥ ብታደርጉት፣ የጉሎ ፍሬ የመሰለ መዥገር ተደርድሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ባለቤቱን ስትጠይቁት መልሱ አጭር ነው፤ «ውሻ አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?»

ይሆናል እንጂ! መዥገር ብዙ ሲሆን ቡችላን በደም ማነስ እስከ መግደል ይደርሳል። ከደሙ በላይ ደግሞ በምራቁ የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች አሉ፤ ባቤዚያና ኤርሊኪያ የሚባሉት ይገኙበታል። ውሻው ያተኩሰዋል፣ መብላት ያቆማል፣ ድዱ ይነጣል። መዥገር የሚያመጣው ትኩሳት ሰውንም አልጋ ላይ ይጥላል። ከውሻው ጋር ሲንከባለሉ የሚውሉት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

«የእኛ አገር ደጋ ነው፣ መዥገር የቆላ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ብርድ መዥገርን ይቀንሳል። ነገር ግን ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቆላ ሩቅ አይደለም። ከብቱም ሰውም ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መዥገሩም አብሮ ተሳፍሮ ይመጣል። በዚያ ላይ ቡናማው የውሻ መዥገር ከሜዳ ይልቅ ቤት ይወዳል። ደም ጠጥታ ጠግባ የወደቀች አንዲት እንስት በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የምትጥለውም ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የድንጋይ ቤትና የድንጋይ አጥር ለእሷ ምን ያህል እንደሚመቻት አስቡት። እዚያ ያደገው መዥገር ደም ሳያገኝ ለወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ውሻውን ብቻ አክሞ ማደሪያውን መተው በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

እኔን ከመዥገሩ በላይ የሚያስፈራኝ ግን መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ነገር ነው። አንዱ ነጭ ጋዝ ይቀባል፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሌላው ክብሪት ጭሮ መዥገሩን ያቃጥላል፤ የተረበሸ መዥገር ደግሞ ምራቁን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። ከሁሉም የባሰው የከብት ወይም የሰብል መርጫ በግምት በውሃ ፕላስቲክ በጥብጦ፣ በባዶ እጅ ውሻው ላይ ማፍሰስ ነው። ዲያዚኖንን የመሰሉ መርዞች በቆዳ ይገባሉ፤ ውሻ ደግሞ ራሱን ይልሳል። ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያንኑ ውሻ አቅፎ የሚጫወት ሕፃንም ለዚሁ አደጋ ይጋለጣል። ለበግ የተገዛ የአይቨርሜክቲን መርፌን በግምት ለውሻ መውጋትም ያው ነው፤ መጠኑ ካለፈ ይገድላል።

ለመሆኑ ምን ይደረግ? ብዙው ነገር ብር አይጠይቅም። ለእሾህ ብለን ከቤት የማናጣት ወረንጦ አለች አይደል? በእሷ መዥገሩን ቆዳው ሥር ጠጋ ብሎ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ በቀስታ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በጥፍር ማፍረጥ አይገባም፤ እሳት ውስጥ መጣል ይበቃል። ከዚያ ቦታውንም እጅንም በሳሙና መታጠብ። ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መሐል በየቀኑ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ በሽታዎች መዥገሩ ለሰዓታት ተጣብቆ ሲቆይ የሚተላለፉ ናቸውና ቶሎ የተነቀለ መዥገር ጉዳቱ ያነሰ ነው። የሚተኛበትን አሮጌ ዝተት በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ማደሪያውን መጥረግ፣ ስንጥቁን በጭቃ መለሰን ደግሞ ዘሩን ይቀንሰዋል።

አቅም ያለው ሰው ለውሻ ተብሎ የተሠራ የአንገት ማሰሪያ፣ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ወይም ክኒን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ያገኛል። ሲገዛ ግን የውሻውን ክብደትና ዕድሜ መናገር አለበት። ቤቱ ድመት ካለ ይህንንም መናገር አይርሳ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ጠብታ ለድመት መርዝ ነው።

እዚህ ላይ ለግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። በግና ከብት ለርጭት ሲጠራ ውሻው ለምን ይቀራል? ከብቱ ታክሞ ሲመለስ በሩ ላይ የሚቀበለው በመዥገር የተሞላ ውሻ ከሆነ ግቢው አልታከመም። የተለየ ዘመቻ አልጠይቅም። ውሾች ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሚሰበሰቡበት ቀን ባለሙያው ጆሯቸውን ይይ፣ ወረንጦ አያያዙን ለባለቤቱ ያሳይ፣ የትኛው መርጫ ለውሻ እንደማይሆን በግልጽ አማርኛ ይናገር። ይህ ሥራ ለመዘዞ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በዚያው መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎ የጓሳ ምድር አለ፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ አውሬ በባሌ በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ አልቋል፤ በሽታው የሚነሳውም ከቤት ውሻ ነው። የውሻ ጤና የውሻው ብቻ ሆኖ አያውቅም።

«ለውሻ ደግሞ ሐኪም?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእሱ መልሴ ቀላል ነው፤ ጋሼ፣ ለበጉ ሲሉ! የታመመ ውሻ አይጮኽም፣ ያልጮኸ ውሻ ጅብ አያባርርም። ዛሬ ማታ ፍርፋሪውን ስትሰጡት እግረ መንገዳችሁን ጆሮውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩለት።

ቸር ያሰንብተን!